የኦክቶበር ደመወዝሽ ለምን ጎደለ?

ለውድ እህቴ ለቤላ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚይዝሽ ያ የደረት ሳል ተወሽ ወይስ የሼትላንድ ነፋስ ጭራሽ አብሶብሻል? ጉልበትሽስ? ዓይንሽስ? እኔ ካለፈው ዓመት ወዲህ ያለመነጽር የዓሣ እሾህ አይታየኝም፤ አንቺም በአንድ ቀን አብረሽኝ የተወለድሽ ነሽና መነጽር ሳትገዢ አትቀሪም። እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብ ይበላልሻል? ደግሞስ በኦክቶበር ምን ሆነሽ ነበር? አሞሽ ነበር ወይ? የዚያ ወር ደመወዝሽ የወትሮው ግማሽ ብቻ ነበር፤ ያን ካየሁ ጀምሮ እኔ መቀመጫ አጥቻለሁ።

ይህን ስታነቢ ክው እንደምትዪ አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፄን ያልሰማች እህት የኦክቶበር ደመወዜን ከየት አወቀችው ትያለሽ። እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት። ተቀመጥኩ ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ ወረቀቱን ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ዘርግቼ ቆሜ ነው የምጽፈው። ከተቀመጥኩ ወዲያው እነሣለሁ፤ ከተነሣሁ መስኮት እከፍታለሁ፤ ከከፈትኩት መልሼ እዘጋዋለሁ። ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ሦስቱንም ምድጃ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ይኼ አራተኛው ነው፤ አማረም አላማረም ይሄዳል።

እኛ ደህና ነን። እማዬ አለች፤ በማርች ሰማንያ አምስት ትደፍናለች። ዳሌዋ ከተጠገነ ወዲህ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፣ ምላሷ ግን ያለምርኩዝ ይሮጣል። ባሌ ዶድ ባሕር መውጣት ትቶ ወደቡ ላይ መረብ ይጠግናል። ቀኑን ሙሉ አሥር ቃል ቢናገር ነው፤ ዘጠኙም ስለ አየር ጠባይ ነው። እኔ እዚያው ዓሣ ቤት ነኝ። በአሥራ ስድስት ዓመታችን ጎን ለጎን ቆመን ፊሌቶ ማውጣት የተማርንበት ጠረጴዛ አልተነቃነቀም። አንቺ ቦታ ላይ አሁን አንዲት የላትቪያ ሴት ቆማለች፤ እጇ ካንቺ እጅ ይፈጥናል። ከፈለግሽ ተቀየሚ።

ነገሩ የጀመረው በጁላይ መጨረሻ ነው። ደመወዜ ጎደለ። መጀመሪያ ኤፊ የትርፍ ሰዓቴን ረስታው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ኤፊን ታስታውሻታለሽ፣ የደመወዝ ክፍሏን፤ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ እርሳስ ስትፈልግ የምትውለዋን። ያው ናት፣ ፀጉሯ ብቻ ነው የነጣው። በኦገስት መጨረሻም ሲደገም ግን ቆሽቴ አረረ። ሽርጤንና ቦት ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ውሃ እያንጠባጠብኩ ቢሮዋ ገባሁ።

ወረቀቴን ገልጣ ብዙ አየችውና ቅር ባላት ድምፅ ጠየቀችኝ፦ «አይዛ፣ ሁለተኛ ሥራ ስትይዢ እንዴት አትነግሪኝም?»

«የት አባቴ ነው ሁለተኛ ሥራ የምሠራው? አንዱ መች አነሰኝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ኮድሽ ነው እንዲህ የሚለው።»

የግብር ኮድ የሚባል ነገር በየደመወዝ ወረቀታችን ጥግ ላይ ተጽፎ እንደሚመጣ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራ አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም፤ የጫማ ቁጥር ያህል እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ኤፊ በእርሳሷ እየጠቆመች እንደ ተማሪ አስረዳችኝ። የእኔ ድሮ «ኤስ 1257 ኤል» ነበር። ኤሷ የስኮትላንድ ነዋሪ ነኝ ማለት ነው። ቁጥሩ ደግሞ በዓመት አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሰባ ፓውንድ እስኪሞላልኝ ድረስ መንግሥት እጁን እንደማይዘረጋብኝ ይናገራል። አሁን ያ ተነሥቶ «ኤስ ቢ አር» የሚባል ተተክቶበታል፤ ቁጥር የሚባል የለውም። ይህች ሴት ከግብር ነፃ የሆነውን ድርሻዋን ሌላ መሥሪያ ቤት ወስዳ እየተጠቀመችበት ነው፣ ስለዚህ እናንተ ከምትከፍሏት ላይ ከመጀመሪያዋ ፓውንድ ጀምራችሁ አምስተኛውን እጅ ቁረጡ፤ ለዓሣ ቤቱ የመጣው ትእዛዝ ይኸው ነው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ። ሴቶቹን ታውቂያቸው የለ፤ ቢላዋቸው ከእጃቸው ሳይወርድ አፋቸው ሥራ ጀመረ። አንዷ ማታ ማታ የት እንደምጨፍር ጠየቀችኝ፤ ሌላዋ እኔን በጭፈራ ልብስ ለማየት ቲኬት ስንት እንደሆነ። ቤት ስገባ ዶድም ከአሥር ቃሉ ስድስቱን ሰጠኝ፦ «ሁለት ደመወዝ ያላት ሚስት መች አጣሁ።» እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። አንድ የማላውቀው እጅ ኪሴ ውስጥ ገብቶ የሚዳስሰኝ መስሎኝ ስገላበጥ አደርኩ።

በማግስቱ ኤፊ የምሳ ሰዓቷን ሠውታ በኮምፒዩተሯ የግብር ገጼን ከፈተችልኝ። ያን ለመክፈት ፓስፖርትሽን፣ የደመወዝ ወረቀትሽን፣ ፊትሽን ወደ ግራ፣ ፊትሽን ወደ ቀኝ ይላል፤ እስር ቤት የምገባ መሰለኝ። በመጨረሻ ተከፈተ። ስሜ ከላይ አለ፤ ኢዛቤላ ሜር። የተወለድኩበት ቀን አለ። ከሥሩ ሁለት አሠሪዎች ተጽፈዋል፤ አንደኛው የእኛ ዓሣ ቤት፣ ሁለተኛው ሼትላንድ ደሴቶች ላይ ያለ ሆቴል፣ ከጁን አሥራ ሁለት ጀምሮ። አድራሻዬም ተለውጦ የሆቴሉ ሠራተኞች መኖሪያ፣ ክፍል አራት ሆኗል።

ኤፊ ስሜን ሌባ እንደሰረቀኝ፣ ዛሬውኑ ለፖሊስ መደወል እንዳለብኝ ነገረችኝ። እሺ ብያት ወጣሁ። ግን ስልክም አልነካሁ፣ ወደ ጠረጴዛዬም አልተመለስኩ፤ ዝም ብዬ በወደቡ ግንብ ላይ ወዲያና ወዲህ እል ጀመር። ስሙ ያው፣ ቀኑ ያው፣ ዓመቱ ያው። ሌባ ከሆነችስ በማርች ሦስት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ የተወለደችና ኢዛቤላ ሜር የምትባል ሌባ በዓለም ላይ ስንት አለች? አንድ ናት። እሷም ከእኔ በሃያ ደቂቃ ታንሳለች።

ቤላ፣ ልደብቅሽ አልችልም፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ አልነበረም። ንዴት ነው። ዘጠኝ ዓመት ጠፍታ ጠፍታ የተመለሰችው ድርሻዬን ልትወስድ ነው አልኩ። እማዬን ብቻዬን አነሣሁ፣ ብቻዬን አጠብኩ፣ ደግሞ ቁጥሬንም ሰጥቻት ልኑር ወይ አልኩ። እግዜር ይይልሽ ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ የሰሙኝ የባሕር ወፎቹ ብቻ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ለኤፊ እውነቱን ነገርኳት። ሳቋ እስኪበርድላት ድረስ ወንበር ይዛ ቆየች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሌብነት የሚባል ነገር እንደሌለበት አስረዳችኝ። አዲስ ሠራተኛ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሩን ካላስታወሰ አሠሪው ስሙንና የልደት ቀኑን ብቻ ይልካል፤ ማሽኑ ደግሞ መዝገቡን አገላብጦ ሰውየውን ይፈልጋል። አንቺ እነዚያን ሁሉ ዓመታት በኖርዌይ መርከብ ላይ ስታበስዪ ኖረሽ፣ ቁጥርሽን የት ታስታውሺዋለሽ? ካርድሽ እዚህ ነው ያለው፣ በብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከእኔው ካርድ ጋር ተጣብቆ። ማሽኑ ፈለገ፣ እኔን አገኘ፣ ይችው ናት አለ። ሆቴሉ የሰጠሽ ቅጽ ላይ ደግሞ ያለኝ ሥራ ይህ ብቻ ነው የሚለው ላይ ምልክት አድርገሻል፤ ልክ ነሽ፣ ያለሽ እሱ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ነፃው ድርሻ ወዳንቺ ሄደ፣ እኔ ባዶዬን ቀረሁ። ኤፊ የማሽኑን ጥፋት አላየችም። «አንድ ስም፣ አንድ ቀን፣ አንድ መንደር፤ ማሽኑ ምን ያድርግ? ጥፋቱ የአባታችሁ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የእናታችን እናት ኢዛቤላ፣ የአባታችን እናት ኢዛቤላ። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በእናት እናት ትሰየማለች፣ ሁለተኛዋ በአባት እናት፤ ወጉ ያ ነው። ሁለቱ ሴት አያቶቻችን በቤተ ክርስቲያን እንኳ በአንድ አግዳሚ ላይ የማይቀመጡ ነበሩ፤ ማንኛቸው ስሜ ይቅር ይላሉ? አባታችን ደግሞ የወደቡ ውሃ ሳይሸሽ መርከቡ ላይ መድረስ ነበረበት። መዝገብ ቤት ገብቶ ኢዛቤላ ሜር፣ ኢዛቤላ ሜር ብሎ አስጻፈና እየሮጠ ወጣ። ሌላ መለያ ስም እንጨምር ወይ ሲሉት እኛ ቤት ውስጥ እንለያቸዋለን አለ አሉ። በመንደራችን ደግሞ ግማሹ ሰው ሜር ስለሆነ የሚጠራው በቅጽል ስሙ ነው። እኛ የቡሽ ልጆች እንባላለን፤ አያታችን ባሕር ወድቆ እንደ ቡሽ ተንሳፍፎ ስለተገኘ። በኤፊ መዝገብ እኔ አይዛ ቡሽ ነኝ፣ አንቺ ቤላ ቡሽ ነበርሽ፤ ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ደመወዛችን ተቀላቅሎ አያውቅም። የመንግሥት ማሽን ግን ቡሽ የሚባል ነገር አያውቅም።

ንዴቱ እንዲህ ሲበርድልኝ ሌላ ነገር መጣብኝ። ኤፊ አሁን ደውዪና ይለዩአችሁ አለችኝ። ነገ አልኳት። በማግስቱም ነገ አልኳት። ሴፕቴምበር ሙሉ ነገ አልኳት። እሷ የምታየው የሚቆረጥብኝን ገንዘብ ነው። እኔ ግን በወሩ መጨረሻ የምሳ ሰዓቴን ጠብቄ ያን ገጽ እከፍታለሁ፤ ከሆቴሉ ስም ጎን ቀንና ገንዘብ ተጽፎ አያለሁ። ገንዘቡ ለእኔ ቁም ነገሩ አልነበረም። እህቴ በዚህ ወር ከአልጋዋ ተነሥታለች፣ ሥራዋ ገብታለች፣ በሕይወት አለች ማለቱ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያላገኘሁትን ወሬ የግብር መሥሪያ ቤት በየወሩ ያቀብለኝ ጀመር። ለዚህ ወሬ ከአምስት አንድ እጅ ቢወሰድብኝ ርካሽ ነው አልኩ።

ከዚያ የኦክቶበሩ መጣና ግማሽ ሆነ። እንግዲህ ምን ልበል? ሳሉ ይሆን? ወድቃ ይሆን? ወይስ ቱሪስቱ ስላለቀ ሰዓት ቀንሰውባት ይሆን? ሆቴሉ ስልክ እንዳለው አውቃለሁ፤ ቁጥሩንም ጽፌ በሽርጤ ኪስ ይዤው እዞራለሁ፤ ውሃ ነክቶት ሁለት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ስድስት አኃዝ ነክቼ አምስት ጊዜ ዘግቻለሁ። ማነኝ ብዬ ልጀምር? ኢዛቤላ ሜር ነኝ፣ ኢዛቤላ ሜርን ፈልጌ ነበር ልበል? የሚስቁብኝ መሰለኝ። እውነቱን ግን ሳቁን ፈርቼ አይደለም። አንቺ ስልኩን ይዘሽ ዝም እንዳትይኝ ፈርቼ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኤፊ ቆጣ ብላ ጠራችኝና የማላውቀውን ነገረችኝ። አንቺ በየወሩ ለጡረታሽ የምትከፍዪው በእኔ ስም ነው የሚመዘገበው። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከፍዬ ለሙሉ ጡረታ የሚጠየቀውን ስለሞላሁ አይጠቅመኝም። አንቺ ግን በባዕድ አገር የኖርሽ ሰው ነሽ፣ ዓመት ይጎድልሻል፣ እያንዳንዱ ወር ያስፈልግሻል። «አንቺ እህቴ ደህና ናት እያልሽ ስታያት፣ እርጅናዋን እየበላሽባት ነው» አለችኝ። ኤፊ እንዲህ ያለ ነገር ተናግራኝ አታውቅም። ወጥቼ የሃዶክ ዓሣ ሳጥን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩና ፊሌቶ ሳወጣ እጄን ሁለት ቦታ ቆረጥኩት።

ስለዚህ መደወል አለብኝ፤ ከደወልኩ ደግሞ ገጹ ይዘጋል፣ አንቺ ከዓይኔ ትጠፊያለሽ። ከመደወሌ በፊት ግን ሌላ ዕዳ ነበረብኝ፤ እሱም የእማዬ ነው።

አንቺ የሄድሽ ቀን እማዬ ሆስፒታል ነበረች። በሩ ላይ ያልኩሽን የሰማነው እኔና አንቺ ብቻ ነን። አባታችን ከተቀበረ ሁለተኛ ወሩ ነበር፤ አንቺ የመርከቡን ሥራ ይዣለሁ፣ ገንዘብ እልካለሁ አልሽ፤ እኔ ደግሞ እናትሽን አልጋ ላይ ጥለሽ ከሄድሽ ይህን በር ዳግመኛ እንዳታንኳኪ አልኩሽ። ሻንጣሽን አንሥተሽ ወጣሽ፣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እማዬ ከሆስፒታል ስትወጣ ቤላ የት ናት፣ ለምን አትጽፍም፣ ምን ብለናት ነው ስትል፣ ምንም አልኩ። ዘጠኝ ዓመት በየገናው ጠየቀች፣ ዘጠኝ ዓመት ምንም አልኩ። ልጄ ረሳችኝ ብላ ያመነችው በእኔ ምክንያት ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የተጨሰ ሃዶክ ሾርባዋን እየጠጣች ሳለ ነገርኳት። ኮዱንም፣ ሆቴሉንም፣ በሩንም። ዶድ ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ መረቡ ወጣ። እማዬ ሾርባዋን ጨረሰች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ወንበሯን በምርኩዟ ገፍታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሑድ አላናገረችኝም። ሰኞ አላናገረችኝም፤ ሻይ ሳቀርብላት እጇን ብቻ ትዘረጋለች። እማዬ ዝም ስትል ቤቱ እንዴት እንደሚጠብ አንቺ ታውቂዋለሽ። ደረጃ ስወጣ ደረጃ ስወርድ፣ የታጠበ ዕቃ መልሼ ሳጥብ ሁለት ቀን አለፈ።

ማክሰኞ ጠዋት ስሜን ጠራችኝ። «አይዛ፣ የቤላን አንሶላ ከሣጥኑ አውጥተሽ አናፍሽው። እርጥበት ገብቶበታል» አለች። ከዚያ ደግሞ መስኮቱን እያየች፣ «አንቺንም አንድ ቀን ይቅር እልሻለሁ፤ ዛሬ ግን አይደለም» አለችኝ። አንሶላሽ ይኸው አሁን ከፊት ለፊቴ ገመድ ላይ ነው፤ ነፋሱ ይዞት እንዳይሄድ እየወጣሁ እያየሁት ነው የምጽፍልሽ።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩ። ሃምሳ ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙኝ፤ ስልኩን ይዤ ኩሽናውን ስዞር ዶድ ወለሉን ልትበሺው ነው አለኝ። በመጨረሻ አንድ ትሑት ሰውዬ መጣ። አድራሻዬን ሲጠይቀኝ የምኖርበትን ነው ወይስ እናንተ ትኖርበታለች የምትሉትን አልኩት። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኩት፤ አያቶቻችንንም ሳይቀር። እየጻፈ ሰማኝና አንድ ነገር ነገረኝ፤ ከዚያ ወዲያ ነው ይህን ደብዳቤ ሳልጽፍ ማደር ያቃተኝ። ኮዱ ሲለወጥ ማስታወቂያ ተልኳል አለ። በጁላይ ሃያ አራት ቀን፣ በኢዛቤላ ሜር ስም፣ ወደ ሼትላንድ፣ ክፍል አራት። የሁለቱም አሠሪዎች ስም ተጽፎበታል፤ ስሕተት ካለ ደውሉ የሚል ቁጥርም አለበት። የደወለ ሰው ግን የለም አለ።

እንግዲያውስ ቤላ፣ ያ ወረቀት እጅሽ ገብቷል። የዓሣ ቤታችንን ስም አይተሻል። አይዛ አሁንም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ናት ብለሽ አውቀሻል፤ ከእኔ አንድ ወር ቀድመሽ ነው ያወቅሽው። አንቺም አልደወልሽም። ሳታነቢ ጥለሽው ነው ወይስ እንደ እኔ ነገ ነገ እያልሽ? ሰውየው ስልኩ ላይ እያለ ይህን ሳስብ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

መዝገቡን ለሁለት ለመክፈል የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ አለ ሰውየው። እናንተ ቤት ከእርስዎ ሌላ ኢዛቤላ ሜር የምትባል ሰው ትኖራለች ወይ አለኝ። እማዬ ከወንበሯ ሆና ታየኛለች።

«አዎን፣ ትኖራለች» አልኩት። «ለጊዜው ሥራ ሄዳለች።»

ቁጥርሽ በራስሽ ስም ሆኖ ይመጣልሻል፤ የከፈልሽው ሁሉ ለአንቺ ይመለሳል፤ ነፃው ድርሻሽም የራስሽ ይሆናል፤ የእኔ አይነካብሽም፣ ያንቺም አይነካብኝም። የተቆረጠብኝን በዲሴምበር ይመልሱልኛል ተብያለሁ። በዚያ ገንዘብ ከአበርዲን ወደ አንቺ የሚሄደውን መርከብ ቲኬት ልቆርጥበት አስቤ ነበር፤ ሳትጠሪኝ ግን አልመጣም። በር ላይ የሚባለውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እማዬ ሰላም ትልሻለች፤ አንሶላው ንጹሕ ነው፣ ዳቦ ቤቱም ያን የምትወጂውን ቅቤ የበዛበት ዳቦ አሁንም ይጋግራል በያት ብላለች፤ ሌላውን ራሴ እነግራታለሁ አለች። ዶድ ሰላም ይልሻል፤ ከአሥር ቃሉ አንዱን አስቀርቶልሻል፣ እሱም «ነይ» ነው። ኤፊ ሰላም ትልሻለች፤ በመዝገቧ ላይ ቤላ ቡሽ የሚለውን መስመር አልሰረዝኩትም ብላለች። ክፍል አራትን ለሚጋሩሽና ሲያምሽ ሻይ ለሚያፈሉልሽ ሁሉ ከእኔ ሰላምታ አድርሺልኝ። ፖስታው ላይ ከኢዛቤላ ሜር ለኢዛቤላ ሜር ብዬ ነው የምጽፈው፤ የፖስታ ቤቷ ሴት ትስቅብኛለች፣ ትሳቅ።

ከዛሬ በኋላ ያን ገጽ ብከፍት የማየው የራሴን ብቻ ነው። በኖቬምበር መጨረሻ ሥራ ግቢ አትግቢ፣ ሳሉ ይተውሽ ይያዝሽ የሚነግረኝ የለም። በሩ ክፍት ነው። ደህና መሆንሽን እንግዲህ አንቺው ንገሪኝ።

እህትሽ አይዛ

ፖርትኬሪ፣ የወደብ መንገድ
ኖቬምበር 15 ቀን 2023